ጣትህን ሰብስብ

ባለፈው ጥር የእህቴን ልጅ ዳርን። ሙሽራው የመቀሌ ልጅ ነው። እግዜር ይባርካቸው፤ የዛሬው ወሬዬ ግን ስለ ሙሽሮቹ አይደለም። ከምሳ በኋላ ከበሮው ወጥቶ ጓይላ ሲጀመር በሙሽራይቱ አጎት ላይ ስለደረሰው ጉድ ነው።

የሙሽራው ዘመዶች ክብ ሠሩ። ትከሻቸውን በቀስታ እያነቃነቁ፣ መሬቱን በጫማቸው እየዳሰሱ፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ ይዞራሉ። ወንበር ላይ ተቀምጦ ለሚያየው ከዚህ የቀለለ ጭፈራ የለም። «መምህር፣ ይግቡ እንጂ!» ተባልኩ። ገባሁ። አንድ ዙር ሳልጨርስ ከፊቴ የነበሩትን እናት ተረከዝ ረገጥኩ። በሁለተኛው ዙር ከኋላዬ የነበረው ጎረምሳ እኔን ረገጠኝ፤ ይቅርታ የጠየቀው እሱ ቢሆንም ጥፋቱ የኔ ነበር፤ መሄድ ሲገባኝ ቆሜ ተገኝቻለሁ። ወጥቼ ዳር ላይ ላጨብጭብ አልኩ። እዚያም አልቀናኝም። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ የኔ እጅ አየር ላይ ነው፤ የኔ እጆች ሲገናኙ ቤቱ ጸጥ ይላል። ጸጥታ መሀል ብቻውን የሚያጨበጭብ ሰው ምን እንደሚመስል የስብሰባ ልምድ ያላችሁ ታውቁታላችሁ።

የሙሽራው አክስት ጠጋ አሉኝና፣ «ጋሼ፣ እየቆጠሩ ነው አይደል?» አሉኝ።

«እንዴት አወቁ?»

«ከንፈርዎ ይንቀሳቀሳላ! ይተዉት፤ በቁጥር አይገባም።»

እናላችሁ፣ ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የግጥም ምጣኔ ያስተማርኩ ሰው፣ ስንኝ እየቆረጥኩ እንጀራ የበላሁ ሰው፣ አምስት መቁጠር አቅቶኝ ወደ ወንበሬ ተመለስኩ።

ለማያውቀው ነገሩን ላስረዳ። የከተማችን ባንዶች «ችክችካ» የሚሉት፣ እስክስታ የምንወርድበት ምት በስድስት የሚቆጠር ነው። ሁለት ጊዜ ሦስት ብትሉትም ያስኬዳል፣ ሦስት ጊዜ ሁለት ብትሉትም ያስኬዳል፤ እንዲያውም ጣዕሙ ሁለቱ እየተጣሉ በአንድ ቤት መኖራቸው ላይ ነው። የኔ ጆሮ ያደገው በእሱ ነው። ስድስት ደግሞ ቸር ቁጥር ነው፤ ለግራም ለቀኝም እግር እኩል ያካፍላል። የጓይላውን ምት ግን ሙዚቀኞች በአምስት ነው የሚቆጥሩት። ሦስትና ሁለት፤ አንድ ረዘም ያለ እርምጃ፣ አንድ አጠር ያለ እርምጃ። እንደኔ በስድስት ያደገ ሰው አጭሩን እርምጃ ሳይታወቀው ያስረዝመዋል። ከዚያ በየዙሩ አንድ አንድ ምት እየተበደረ ይሄዳል። ዕዳው ሲጠራቀም በሰው ተረከዝ ላይ ይወጣል።

ቤቴ ጉለሌ ነው፤ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ከሚያወጣው ዳገት ገባ ብሎ። ማታ ኮቴን እንኳ ሳላወልቅ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ በጣቴ አምስት መምታት ጀመርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ደገምኩት። አሁንም ደገምኩት። የሚወጣው ነገር ምት ሳይሆን የኮረኮንች መንገድ ላይ የሚሄድ ጋሪ ነው። ይሄኔ ነው የድሮው መምህር የነቃው። እስቲ ቁጥሮቹን ራሳቸውን እንደ ስንኝ ልቁረጣቸው አልኩ። «አንድ» አንድ ቀለም ነው። (ቀለም ስል አፍ አንዴ ተከፍቶ የሚያወጣውን ድምፅ ማለቴ ነው እንጂ ፊደሉን ማለቴ አይደለም፤ ይህቺ ልዩነት ኋላ ጉድ ስለምታመጣ ያዙልኝ።) «ሁለት» ሁለት ቀለም ነው። «ሦስት» አንድ። «አራት» ሁለት። «አምስት» ሁለት። ደምሩት፤ ስምንት! በአማርኛ አምስት ድረስ የቆጠረ ሰው በአፉ ስምንት መትቷል ማለት ነው፤ ያውም ወጣ ገባ የሆነ ስምንት። ለእግሬ «አምስት በለው» ብዬ የላክሁት ምላስ መንገድ ላይ መልእክቱን ለውጦታል። ሰባት ድረስ ብትቆጥሩ ደግሞ አሥራ ሁለት ይሆንላችኋል።

የወንድሜ ልጅ ከአንዱ አጭር ኮርስ የሚሰጥ ቤት ድራም ይማራል። በማግስቱ ጠራሁትና፣ «እናንተ አምስትን እንዴት ነው የምትቆጥሩት?» አልኩት።

«ዋን፣ ቱ፣ ስሪ፣ ፎር፣ ፋይቭ!»

ቆረጥኩት። እያንዳንዱ አንድ አንድ ቀለም። ይመቻል፤ ሐቅ ነው። «ሰባት ስትደርሱስ? ‹ሰቨን› ሁለት ቀለም ነው» ብለው፣ «‹ሴቭ› ብለን እንቆርጠዋለን» አለኝ ሳያፍር። ለካ ፈረንጁም ቁጥሩ ሲረዝምበት መቀስ ያነሳል። ልጁ ቀጠለና፣ «አስተማሪያችን አማርኛ ለሪትም አይመችም ብሎናል፣ ጋሼ» አለኝ።

ይህቺ ናት ከእንቅልፌ ያባረረችኝ። ምክንያቱም እውነት ትመስላለች። ቁጥሮቻችን ለምት አለመመቸታቸውን እኔው ማታ ጠረጴዛዬ ላይ አረጋግጫለሁ። ነገር ግን ቁጥር ስላልተመቸ ቋንቋው አልተመቸም ማለት፣ ማንኪያ ስለጠፋ እንጀራ አይበላም እንደማለት ነው። በዚህ አገር ምትን በቁጥር የያዘ ማን ነበር? በቃል ነው የሚያዘው።

እናም ቃል ፍለጋ ወጣሁ። ሦስትና ሁለት የሚሆን፣ አፍ ላይ የሚቆይ፣ እግር የሚታዘዘው ቃል። መጀመሪያ የመጣልኝ ከማጀት ነው፤ «በርበሬ ቅመም»። በርበሬ ሦስት፣ ቅመም ሁለት፤ ሒሳቡ ልክ ነው። ሲሞከር ግን ያነክሳል። ምክንያቱን ለማወቅ እንደ ድሮዬ ቀለም በቀለም አነበብኩት። ሁለተኛው ጠንካራ ምት የሚያርፈው «ቅ» ላይ ነው፤ «ቅ» ደግሞ ሳድስ ናት፣ አፍ ሳይከፈት የምታልፍ፣ አቅም የሌላት። ምቱ ሊቀመጥ ሲመጣ ወንበሩ ተሰበረበት። ቀጥሎ «ቡና በወተት» አልኩ። ጥሩ ቃል ናት፤ ምግብ ነገር ምንጊዜም ይያዛል። ግን ሁለትና ሦስት ሆነች፤ እኔ የምፈልገው ሦስትና ሁለት ነው። ገልብጬ «በወተት ቡና» ብላት ሒሳቡ ተስተካከለ፣ ሆኖም አንድ አምስት ጊዜ ስደጋግማት ምላሴ ሳያማክረኝ ወደ «ቡና በወተት» መለሳት። ቃል የለመደውን መንገድ አይለቅም። ሦስተኛው «ዛሬና ነገ» ነበር። ይሄም ሦስትና ሁለት ነው፤ አሁንም ሁለተኛው ምት «ነ» ላይ ሲደርስ ይለሰልሳል። ቦታ አለዋወጥኳቸው፤ «ነገና ዛሬ»።

ነገና ዛሬ፣ ነገና ዛሬ፣ ነገና ዛሬ… ሁለተኛው ምት «ዛ» ላይ ያርፋል፤ አፍ ወለል ብሎ ይከፈታል፤ እግር መሬት ያገኛል። ደግሞ አነጋገሩ ከተለመደው የተገለበጠ ስለሆነ ጆሮ ይነቃበታል፤ ምላስም ወደ ሌላ አይጎትተውም። በዚያች ሌሊት ከመኝታ ቤት እስከ ሳሎን «ነገና ዛሬ» እያልኩ ስመላለስ ባለቤቴ በሩን ከፍታ አየችኝ፤ ምንም አላለችም፤ መልሳ ዘጋችው።

ቀመሩ ሲሳካ ሰው ስግብግብ ይሆናል። ሰባትንስ? አልኩ። ሰባት ከኛ ሠርግ ይልቅ የባልካን አገሮች ሠርግ እንጀራ ነው። ግሪኮች ካላማትያኖስ የሚሉት ጭፈራቸው በሰባት ይሄዳል፤ ሦስት፣ ሁለት፣ ሁለት። ቡልጋሪያዎችም የታወቁበት ነው፤ የሀንጋሪው ቤላ ባርቶክ ሚክሮኮስሞስ የተባለውን የፒያኖ ማስተማሪያውን የቋጨው በቡልጋሪያ ምት በደረሳቸው ስድስት ዳንሶች ነው። ይህን እያሰብኩ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ የሰፈሬን ስም በልቤ እላለሁ፤ ጉለሌ ሽሮ ሜዳ። ጉለሌ ሦስት። ሽሮ ሁለት። ሜዳ ሁለት። በጣቴ የፊት ወንበሩን መታሁ። ሰባት! ዕድሜዬን ሙሉ የኖርኩበት አድራሻ የግሪክ ጭፈራ ሆኖ ተገኘ። (በራሴ ሚዛን «ሽ» ደካማ ናት፤ አውቃለሁ። ሰፈሬ ስለሆነ አለፍኳት።) ረዳቱ ግን «ስድስት ኪሎ ሽሮ ሜዳ!» እያለ ነው የሚጠራው፤ እሱ ስምንት ነው፤ ሁለት ሁለት እያለ ቀጥ ብሎ የሚሄድ፣ ማንንም የማያደናቅፍ።

ቃል ሁሉ ለዚህ ሥራ እኩል አይደለም ማለቴን ልብ በሉልኝ። ደቡብ ሕንዶች ይህን ነገር ሙያ አድርገውታል። ኮናኮል ይሉታል፤ ተማሪው ከበሮውን ሳይነካ ምቱን በአፉ ይላል። አምስት ከሆነ «ታ ካ ታ ኪ ታ»፣ ሰባት ከሆነ «ታ ካ ዲ ሚ ታ ኪ ታ»። ትርጉም የላቸውም፤ ጥቅማቸውም እሱ ነው፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ምላስ አይጠላለፍም፣ ልብም ወደ ትርጉሙ አይሄድም። የኔዋ «ነገና ዛሬ» በዚህ ትሸነፋለች። ከበሮው ሲፈጥን «ና» ትዋጣለች፤ ከዚያ በላይ ደግሞ፣ ሐሳበኛ ሰው ከሆናችሁ፣ ስለ ነገ ማሰብ ትጀምሩና ምቱን ትስታላችሁ። አሜሪካኖች በፊናቸው ቁጥሩን ራሱን ቀልድ አድርገው ይዘውታል። የፖል ዴዝመንድ ድርሰት የሆነውና ዴቭ ብሩቤክ ከነጓዶቹ በ1959 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያወጣው «ቴክ ፋይቭ» በአምስት የሚሄድ ነው፤ ስሙ «አምስት ደቂቃ እረፍ» እንደማለትም ነው። ሲጠሩት ምቱ ይነገራል። ስም አወጣጥ እንዲህ ነው።

ለካ ይህን ያህል ሩቅ መሄድ አያስፈልገኝም ነበር። ከአጥሬ ማዶ ያለው ጎረቤቴ ሸማኔ ነው። አባቱ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜ መጥተው ሽሮ ሜዳ ከሰፈሩት ሸማኔዎች አንዱ ነበሩ። እነዚያ ሰዎች ወንዶቹ በየድምፃቸው ተከፋፍለው በአንድ ጊዜ የሚዘፍኑት ዘፈን ፈረንሳዊውን የሙዚቃ አጥኚ በርናር ሎርታ-ዣኮብን ዶርዜ ድረስ ወስዶታል፤ በ1970ዎቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ቀርጾ በሸክላ አስወጥቶታል። እኔ ግን ለሃያ ዓመት በአጥሩ በኩል የሰማሁት ድምፅ «ጎረቤት እየሠራ ነው» ከማለት ያለፈ ትርጉም አልነበረውም። አሁን ሄጄ ጎኑ ተቀመጥኩ። ቀኝ እግሩ መርገጫውን ይጫናል፣ መወርወሪያው ይሄዳል፣ መምቻው ማጉን ያጠብቃል። ግራ እግሩ ይጫናል፣ መወርወሪያው ይመለሳል፣ መምቻው ያጠብቃል። ሦስትና ሦስት፤ ስድስት። እኔ ያደግሁበት ችክችካ አጥሬ ሥር ሸማ እየሠራ ነበር።

«ስንት ስንት ብለህ ነው የምትቆጥረው?» አልኩት።

«ጥለቱን ነው እንጂ እግሬን አልቆጥርም፣ ጋሼ» አለኝ ሳያቆም። «እግሬን ከቆጠርኩ ጥለቱ ይጠፋብኛል።»

ይህቺን አስቡልኝ። ሰውየው ጥለት ሲጥል የክር ቁጥር በልቡ ይይዛል፤ ስንት ክር ተነስቶ ስንቱ እንደሚቀር አንድም ቦታ አልጻፈውም። ለዚያ የሚሆን ቦታ ያገኘው እግሩን ከቁጥር ነፃ ስላወጣው ነው። እኔ ሠርጉ ላይ ያደረግሁት ተቃራኒውን ነው፤ እግሬን ስቆጥር ጓይላው ጠፋብኝ። የስምንት ዓመት ልጁ እዚያው ደብተር ይዞ ተቀምጦ ነበርና «ጉለሌ ሽሮ ሜዳ»ን በጭብጨባ አስተማርኩት። አንዴ ሰማኝ። ሁለተኛውን አብሮኝ አለ። በሦስተኛው ጥሎኝ ሄደ፤ ጉልበቱን እየመታ አፈጠነው፣ አፈጠነው፣ እኔ «ሜዳ» ሳልደርስ እሱ ሌላ ጉለሌ ጀምሯል። አባትየው ከእቃው ላይ ሆኖ ሳቀብኝ።

ወደ ላይ፣ ወደ እንጦጦ አድባራት፣ ወይም በጥምቀት ወደ ጃን ሜዳ ከሄድን ደግሞ ነገሩ ሌላ ደረጃ አለው። ወረቡ ሲጀመር ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ መቋሚያው በቀስታ ይዘማል፣ ከበሮው አልፎ አልፎ ይመታል፤ ከዚያ መረግዱ ይመጣል፣ ጽፋቱ ይከተላል፣ እጅ ይጨበጨባል፣ መጨረሻ ላይ ከበሮውን የያዘው ሰው መሬት የሚነካ አይመስልም። አቋቋሙን ጎንደር በአታ ወርደው የተማሩ አንድ የሰፈራችን የኔታ፣ «ከበሮው ስንት ጊዜ እንደሚመታ እንዴት ይታወሳል?» ስላቸው ጥያቄዬ አልገባቸውም። «ቃሉን ካወቅህ ምቱ የት ይሄዳል?» አሉኝ። ቃሉ አስቀድሞ በአፍ ተይዟል፤ ዜማው በቃሉ ላይ ተቀምጧል፤ ምቱ ከዚያ በኋላ የሚመጣ እንግዳ ነው፣ ወንበሩ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል።

እኔን እንደ ሥነ ጽሑፍ ሰው ያስደነቀኝ ግን ምልክቱ ነው። ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት የሚባሉትን የያሬድ ምልክቶች ብዙ ሰው ያውቃል። ከነሱ ሌላ በድጓው መስመሮች መሀል በጥቃቅን ፊደል ተደርበው የሚጻፉ አሉ፤ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ዓመት፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳደራጇቸው ይነገራል። እነዚያ ጥቃቅን ፊደላት ከፍ በል፣ ዝቅ በል አይሉም፤ እንደ ፈረንጅ ኖታ መሰላል የላቸውም። የሌላ፣ ተማሪው ቀድሞ የሚያውቀው ዜማ ቃል ምሕፃር ናቸው። ፊደሉ «እዚህ ላይ እንደዚያኛው በል» ይላል እንጂ ሌላ አይልም። ያኛውን ለማያውቅ ሰው ፊደሉ ዲዳ ነው። እኔ «ነገና ዛሬ»ን ከባዶ ሜዳ ለቅሜ አምስትን አሰርኩበት፤ ባለ ድጓዎቹ ግን አዲሱን በአሮጌው፣ ያልታወቀውን በታወቀው አስረው፣ መጽሐፉን ራሱን የመጽሐፉ ማስታወሻ አድርገውታል። ከሰማኋቸው ዘዴዎች ሁሉ የምሰግደው ለዚህኛው ነው። የሕንዱ ዘዴ ለእጅ ይጠቅማል፤ የኛው ሰውየውን ሙሉ ቤተ መጻሕፍት እንዲሸከም ያስገድደዋል። ክፉ ጎኑም ያው ነው፤ ለእንግዳ በር የለውም፤ ሠርግ ላይ ለተሳሳተ አጎት በአንድ ከሰዓት አይደርስለትም። ያሬድ ራሱ ትምህርት አልያዝ ብሎት ከአጎቱ ከአባ ጌዴዎን ቤት ጠፍቶ፣ ዛፍ ላይ እየወደቀች የምትወጣውን ትል አይቶ ነው የተመለሰው ይባላል። የዜማችን አባት በልጅነቱ ትምህርት የማይዝ ተማሪ ነበር መባሉን ሁልጊዜ እወድለታለሁ።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ይህን ሁሉ «ሽምደዳ» የሚል አንድ ስድብ አጣብቆበት አለፈ። ሽምደዳ የሚባል ነገር የለም አልልም፤ የማይገባውን የፊዚክስ ቀመር ለፈተና በልቶ ማግስቱን የሚተፋ ተማሪ እኔም አውቃለሁ። ግን ያን ለመስደብ ብለን በእጅ፣ በእግርና በአፍ የሚያዘውን እውቀት አብረን ሰደብነው። ሰደብነው ስል ከተሳዳቢዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። የግጥም ቤቶችን አስተምራለሁ። በአንድ ሐረግ አራት ቀለም ያለው «ቡሄ በሉ»፣ አምስት ያለው «ሰንጎ መገን»፣ ስድስት ያለው «የወል ቤት»። አራት አራቱን «ቡሄ በሉ» ያለው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ዋዛ አልነበረም፤ ስሙ ራሱ አራት ቀለም ነው፤ ዱላውን መሬት እየመታ ሆያ ሆዬ ያለ ልጅ ሁሉ ሳይማረው ያውቀዋል። ይህን ግን ያን ጊዜ ለተማሪዎቼ አልነገርኳቸውም፤ ስላላየሁት። እኔ የነበረኝ የተባዛ ወረቀት ነው። በወረቀቱ ላይ ሕግ አለ፤ ሳድስ ፊደል ድምፅ ከሌለው አይቆጠርም። ድምፅ እንዳለው በምን ይታወቃል? እሱን ወረቀቱ አልተናገረም።

የዚያን ቀኑን ስንኝ ትቼ ተመሳሳዩን አሁን ልግጠም፤ «ሽሮ ሜዳ ላይ፣ ሸማ ገዝቼ»። «ሽሮ ሜዳ ላይ» ሁለት ሳድስ አለው፤ «ሽ» እና «ይ»። ሁለቱንም ብትቆጥሩ ስድስት፣ ሁለቱንም ብትጥሉ አራት ይሆናል። ጆሮ ግን «ሽ»ን ይቆጥርና «ይ»ን «ላ» ላይ ያስደግፋታል፤ አምስት። «ሸማ ገዝቼ» ላይ ደግሞ «ቼ» ስለምትጠብቅ «ዝ» ነፍስ ትዘራለች፤ እሱም አምስት። መጥበቅና መላላት ፊደላችን ላይ አይጻፍም። ስለዚህ ወረቀት ብቻ የሚያይ ሰው «ዝ»ን ይጥላትና ስንኙ አነከሰ ይላል። ሰሌዳው ላይ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። «አምስት በአራት፤ ገጣሚው ስቷል» ብዬ ጻፍኩ።

ከኋላ ጠረጴዛ የሚመታ ሰው ሰማሁ። ቀጭን፣ ከቤተ ክህነት ትምህርት የመጣ፣ ከጎጃም ገጠር የወጣ ልጅ ነው። በጣቱ እየመታ፣ በከንፈሩ እያነበነበ ነው። «አምስት ነው፣ መምህር» አለኝ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በአክብሮት። «ሲመታ አምስት ይመጣል።»

«ጣትህን ሰብስብ!» አልኩት። «እዚህ ከበሮ አይመታም።»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቁ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ልጁ ጣቱን ሰበሰበ፤ እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ አንድም ቀን እጁን አላወጣም። በፈተናው ላይ ያንኑ ዓይነት ስንኝ ሰጠሁ። አምስት በአምስት ብሎ ቆረጠው፤ ከያንዳንዱ ቀለም በላይ በእርሳስ ጥቃቅን ነጥቦች አስቀምጦበታል፣ ጠረጴዛ መምታት ስለተከለከለ ወረቀቱን የመታው ይመስላል። ስህተት ብዬ ሦስት ነጥብ ቀነስኩለት። ነጥቦቹን ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ ከብቤ «ምንድን ነው ይሄ?» ብዬ ጻፍኩባቸው።

ከዓመታት በኋላ የራሴ ስህተት ሳይገባኝ አልቀረም፤ ማስተማሪያዬን ዝም ብዬ አስተካክያለሁ። ዝም ብዬ ነው፤ ለማንም ሳልነግር። ልጁ ግን እስከዚያ ሠርግ ድረስ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። የሙሽራው አክስት «ከንፈርዎ ይንቀሳቀሳላ!» ሲሉኝ ነው የእሱ ከንፈር ድንገት የታየኝ። የእኔ ከንፈር ቁጥር ይል ነበር፤ የእሱ ከንፈር ስንኙን ነበር የሚለው። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ ለእኔ ግን ሃያ ምናምን ዓመትና አንድ የሰው ተረከዝ አስፈልጎኛል።

አንድ የድሮ ባልደረባዬ የት እንዳለ ያውቃል። እሱም መምህር ሆኗል አለኝ፤ ስልኩንም ላከልኝ። አልደወልኩም። ደውዬ ምን እላለሁ? «ያን ጊዜ ሦስት ነጥብ ወስጄብህ ነበር» ልበለው? ስልኩን ከነስሙ ጽፌ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌዋለሁ። ቡና በምቀዳበት ቁጥር አየዋለሁ። ባለፈው ሳምንት፣ በልማድ ብቻ፣ ስሙን ቆረጥኩት። የእሱ ስም ሦስት ቀለም ነው፤ የአባቱ ሁለት። ሁለተኛው ምት የሚያርፈው ደግሞ አፍ ወለል በሚያደርግ ራብዕ ላይ ነው። «ነገና ዛሬ»ን ትቻታለሁ። አሁን ሳሎን ለሳሎን የምመላለሰው በእሱ ስም ነው፤ እስካሁን አንዴም አልሳትኩም።